አምቡላንስ አለኝ በሰማይ

ሻንቶ የሄድኩት ለቅሶ ልደርስ ነው። ድሮ ያስተማርኩት ልጅ አባቱ ሞተውበት ነበር። ‹‹መምህር፣ መንገዱ ያደክምዎታል፤ መደወልዎ ይበቃል›› ብሎኝ ነበር። መቼም በዚህ አገር ለቅሶ በስልክ አይደረስም። ከሶዶ ተነስቼ ወደ ሰሜን፣ የዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ሻንቶ አቀናሁ።

በማግስቱ ጠዋት ከድንኳኑ ደጃፍ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠን ቡና እንጠጣለን። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መሬቱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ድንገት ከታች በኩል፣ ከእንሰቱ መሀል የሰው ድምፅ ተሰማ። ስምንት ያህል ጎረምሶች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ብቅ አሉ። ሮጡ ስል አንዱን ሲያዳልጠው ሌላው እየደገፈው፣ አንዱ ሲደክመው ሌላው ትከሻውን እየተካለት ነው። ቃሬዛው ላይ በጋቢ የተሸፈነች ነፍሰ ጡር ተኝታለች። አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከኋላ ይከተላሉ። ለቅሶ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። የመኪናው መንገድ ጠርዝ ላይ ነጭ አምቡላንስ ቆሟል። ነፍሰ ጡሯ ከቃሬዛው ወደ መኪናው ተሻገረች፤ በሩ ተዘጋ፤ መኪናውም ሄደ።

እኔም የከተማ ሰው ነኝና ደስ ብሎኝ፣ ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን! አምቡላንሱ በሰዓቱ ደረሰ›› አልኩ።

ሽማግሌው ስኒያቸውን ቁጭ አደረጉና፣ ‹‹መኪናውማ በሰዓቱ ደርሷል፣ መምህር›› አሉኝ። ‹‹ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ይጻፋል። እነዚህ ልጆች ግን ከቤት የወጡት ገና ሳይነጋ ነው። መኪናው ስንት ሰዓት ደረሰ ብሎ የሚጠይቀን ሞልቷል። እናንተ ስንት ሰዓት ተነሳችሁ ያለን ሰው ግን የለም።››

ይቺ አነጋገር ሶዶም አዲስ አበባም ተከትላኝ መጣች። ዛሬ የምጽፈውም በእሷ ላይ ነው።

ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው አንድ የማይድን አመል አለበት፤ ያየውን ሁሉ እንደ ድርሰት ያነባል። እኔም ለዓመታት በቴሌቪዥን ዜና የምሰማውን ‹‹የአምቡላንስ ርክክብ›› እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ዘውግ ሳነበው ኖሬያለሁ። እውነቴን ነው፤ ራሱን የቻለ ዘውግ ነው! መቼቱ የታወቀ ነው፤ አዳራሽ ወይም የቢሮ ግቢ። ገጸ ባሕርያቱም የታወቁ ናቸው፤ አንድ የውጭ እንግዳ፣ አንድ ባለሥልጣን፣ የሚያጨበጭብ ሕዝብ፣ አበባ የያዘች ሕፃን። በመጀመሪያው ገቢር ንግግር ይደረጋል። በሁለተኛው ሪባን ይቆረጣል። በሦስተኛው ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ ካሜራውም ቁልፉ ላይ ያተኩራል። ከዚያ መጋረጃ!

ተማሪ ሆኖ እንዲህ ያለ ተውኔት ጽፎ ያመጣልኝ ልጅ ቢኖር፣ ‹‹ልጄ፣ ታሪኩን ከሚጀምርበት ላይ ጨረስከው›› ብዬ እመልስለት ነበር። የአምቡላንስ ታሪክ የሚጀምረው ቁልፉ ከተሰጠ በኋላ ነዋ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ባል ስልክ ሲደውል ነው የሚጀምረው። ማን ያነሳዋል? ሾፌሩ የት ነው ያደረው? ታንከሩ ውስጥ ነዳጅ አለ? ከኋላ ሕመምተኛዋ አጠገብ የሚቀመጠው ማነው? የሚደርሱበት ቤት ደም አለው? ኦክስጅን አለው? ይኼ ሁሉ በዜናው ውስጥ የለም። ዋና ገጸ ባሕርይዋ፣ ያቺ በጋቢ የተሸፈነችው ሴት፣ መድረኩ ላይ አንዴም አትወጣም። በሪፖርቱ ውስጥ ‹‹ተጠቃሚ›› ተብላ በቁጥር ትገባለች፤ አለቀ።

አመሌ ነውና እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። ‹‹አምቡላንስ›› የላቲን ዘር ያለው ቃል ነው፤ ሥሩ ‹‹መራመድ›› ማለት ነው። ፈረንሳዮች ሠራዊትን እየተከተለ የሚጓዘውን የጦር ሜዳ ሆስፒታል ‹‹ተራማጅ ሆስፒታል›› ይሉት ነበር፤ ስሙ ከዚያ መጣ። እኛም አገር በሰፊው የታወቀው በዚሁ ትርጉሙ ነው። በ1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ሲቋቋም የጣሊያን ጦር በራችን ላይ ነበር። በ1928 ዓ.ም. የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የኖርዌይ፣ የሆላንድ፣ የፊንላንድና የግብፅ ‹‹አምቡላንሶች›› ሐኪሞቻቸውን፣ ድንኳኖቻቸውንና መድኃኒቶቻቸውን ይዘው መጡ። የስዊድኑ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደቡብ ግንባር፣ መልካ ዲዳ ላይ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደበደበ። ልብ በሉልኝ! ያኔ አምቡላንስ መጣ ማለት ሐኪም መጣ፣ አስታማሚ መጣ ማለት ነበር። ዛሬ አምቡላንስ መጣ ስንል መኪና መጣ ማለታችን ነው። በመካከሉ ከቃሉ ውስጥ ሰውየው ወጥቶ ቆርቆሮው ቀረ።

አሁን ቸኩሎ የሚፈርድብኝ አንባቢ እንዳይኖር አንድ ነገር ላስቀድም። እርዳታን መስደብ ቀላል ነው፤ በተለይ ለማይታመም ሰው። እኔ እዚያ መዝሙር ውስጥ የለሁበትም። ወላይታ ደግሞ እርዳታን ከእኔ ይልቅ አሳምሮ ያውቃል። ከ1920ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሚሲዮናውያን ሶዶ ላይ ሕክምና ጀምረዋል፤ የኦቶና ሆስፒታል ታሪክ ከዚያ ይመዘዛል፤ ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። በዓለም ባንክ ገንዘብ የተቋቋመው የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ‹‹ዋዱ››፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቷል፤ ሽማግሌዎች ዛሬም ስሙን ያነሱታል። በ1977ቱ ረሀብ እህል መጥቷል። በ2000 ዓ.ም. ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሕፃናት በረሀብ ሲያልቁ፣ ‹‹አረንጓዴው ረሀብ›› በተባለው ጊዜ፣ የሻንቶ ስም በውጭ ጋዜጦች ላይ ወጥቷል፤ አልሚ ምግብም መጥቷል። ያን ጊዜ የተረፈ ልጅ ዛሬ ቃሬዛ ከሚሸከሙት ጎረምሶች አንዱ ሊሆን ይችላል። እርዳታ አይረባም የሚል ካለ እሱን ይጠይቅ።

አምቡላንሱም ቢሆን ረብቷል። ከ2003 እና 2004 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ‹‹ለእያንዳንዱ ወረዳ አምቡላንስ›› ብሎ ሲነሳ፣ እንግሊዝና አየርላንድን የመሳሰሉ ለጋሾች ገንዘብ ባዋጡበት የጋራ ቋት በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ተገዝተዋል። በ1997 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2003 ከመቶ 10፣ በ2008 ከመቶ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 48 ደረሱ። በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር በ1997 ዓ.ም. ከ100 ሺህ ወሊድ 673 ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. 676 ሆኖ ፈቀቅ አላለም፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ወደ 412 ወርዷል። ይህን ሁሉ መኪናው አመጣው አልልም፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ልጆች አሉበት። ቢሆንም ከጦርነቱ በፊት ትግራይ ውስጥ የተደረገ ጥናት አምቡላንስን በብዛት የተጠቀሙት ወረዳዎች ብዙ ካልተጠቀሙት ያነሰ የእናቶች ሞት እንደነበራቸው አሳይቷል። ሲሠራ ይሠራል። ጥያቄው ‹‹ሲሠራ›› የምትለው ቃል ላይ ነው።

አንድ ቀን አንድ ወረዳ ውስጥ (የት እንደሆነ አልናገርም፤ የናንተም ወረዳ ሊሆን ይችላል) ለሌላ ጉዳይ ገብቼ፣ ከቢሮው ጀርባ አንድ አምቡላንስ በድንጋይ ላይ ተደግፎ ቆሞ አየሁ። ጎማ የለውም። ከሥሩ ዶሮዎች ይጭራሉ። በሩ ላይ የለጋሹ አርማ እንደ አዲስ ያበራል፤ እንዴት ያለ ቀለም ነው ጃል! ሾፌሩ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

‹‹ምነው ልጄ፣ ይኼ መኪና ሞተ እንዴ?›› አልኩት።

‹‹አልሞተም ጋሼ›› አለኝ ሳይስቅ። ‹‹ደብዳቤ እየጠበቀ ነው።››

ነገሩን አስረዳኝ። መለዋወጫ ለመግዛት ወረዳው ለዞን መጻፍ አለበት። ዞኑ ‹‹ጥገና በመደበኛ በጀታችሁ ነው›› ብሎ ይመልሳል። የወረዳው መደበኛ በጀት ደሞዝ ከከፈለ በኋላ የሚተርፈው ቢኖር የነዳጅ ዕዳ ነው። ‹‹ሲጀመርም ጎማው የተበላው በሕመምተኛ ብቻ አይደለም›› አለና ዝም አለ። አልጠየቅኩትም። ስብሰባ፣ ጉብኝት፣ እንግዳ መቀበል፣ ዘመቻ… በየአገሩ የአምቡላንስ ኪሎ ሜትር ምን ምን ላይ እንደሚያልቅ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ።

ነገሩ እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። ለጋሹ መኪና መግዛት ይወዳል። ለምን? መኪና ይቆጠራል፤ ፎቶ ይነሳል፤ በሩ ላይ ስም ይጻፍበታል። በነዳጅ ላይ ግን አርማ አይለጠፍም። የሌሊት ተረኛ ሾፌር አበል ሪባን የለውም። የፍሬን ሸራ መለወጥ አያስጨበጭብም። ለጋሹ ሲጠየቅ ‹‹የሥራ ማስኬጃውን ተቀባዩ አገር ይሸፍናል፤ በውሉ ላይ ተስማምተናል›› ይላል። እውነቱን ነው፤ ተስማምተናል። ማን ተስማማ? የፌዴራሉ ባለሥልጣን። ማን ይክፈል? ወረዳው። ወረዳው ውል ሲፈረም አልነበረም፤ እሱ የተጋበዘው ለጭብጨባው ነው። ስለዚህ የለጋሽ ጥፋት ብቻ አድርገን ብንወስደው ራሳችንን ማታለል ነው። ለጋሹ ግማሽ ድርሰት ጽፎ ይሰጠናል፤ እኛም ሙሉ እንደሆነ ቆጥረን እናጨበጭብለታለን። ከዚያ ወረዳው ‹‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ›› እያለ ይኖራል። በሪፖርት ላይ አምቡላንስ አለው፤ አንድ! በድንጋይ ላይ የቆመውም አንድ ተብሎ ይቆጠራል።

የእናቶችን ሞት የሚያጠኑ ሰዎች ‹‹ሦስቱ መዘግየቶች›› የሚሉት ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለት ተመራማሪዎች ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ ዛሬ የእኛም የጤና ባለሙያ ሁሉ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይወጣዋል። አንደኛው፣ ወደ ሕክምና ለመሄድ እስኪወሰን ያለው መዘግየት፤ ሁለተኛው፣ ከቤት ተነስቶ እስኪደረስ ያለው፤ ሦስተኛው፣ ከተደረሰ በኋላ ሕክምናው እስኪገኝ ያለው። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም አንዲትን እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ሁለት ሰዓት! ሦስቱም መዘግየቶች ተደምረው የሚካፈሉት ይህችኑ ነው። አምቡላንስ የሚያሳጥረው ሁለተኛውን ነው፤ የሁለተኛውንም የመኪና መንገድ ያለበትን ግማሹን ብቻ። የሻንቶው ሽማግሌ የነገሩኝ ይኼንኑ ነበር፤ ጥናቱን ሳያነቡ። መኪናው ከጠርዙ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከቤት እስከ ጠርዙ ያለውን ማንም አይቆጥረውም። ወላይታ እኮ ሰው የራቀበት በረሃ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አንድ ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ የኖረበት፣ ከአገሪቱ ገጠሮች ሁሉ ሕዝብ እጅግ ከተጠጋጋባቸው አንዱ ነው። ችግሩ ርቀት ብቻ ሳይሆን ጭቃ ነው፤ ቁልቁለት ነው፤ ድልድይ ነው።

ሦስተኛው መዘግየት ደግሞ ከሰው ጋር የተያያዘ ነው። በብዙ አምቡላንሶቻችን ውስጥ ከሾፌሩ ሌላ ሰው የለም። አልጋው አለ፤ አልጋው ላይ ሕመምተኛዋ አለች፤ አጠገቧ ባሏ እጇን ይዞ አለ። ደም ሲፈስ ማቆም የሚያውቅ፣ ሕፃኑ መንገድ ላይ ቢወለድ መቀበል የሚችል የለም። እንዲህ ከሆነ አምቡላንሱ መብራት ያለው ታክሲ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሰውን ያስቀደመ እርዳታ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ሲጀምር፣ ከአሜሪካው የዊስኮንሲንና ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን እየተመላለሱ አብረው አስተምረዋል። የመጀመሪያዎቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ተመረቁ፤ ከዚያ እነሱ ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። ሐኪም ጭንቅላት ውስጥ የገባ ነገር ጎማ አይፈነዳበትም፤ መለዋወጫም አይጠብቅም። እርግጥ ነው ስፔሻሊስቱ የሚበዛው አዲስ አበባ ነው፤ ሶዶ እስኪደርስ፣ ከሶዶ ሻንቶ እስኪደርስ ገና ብዙ መንገድ አለ። ቢሆንም አካሄዱ ትክክል ነው። ከአገር ልጅም ጠብታ አምቡላንስን ያቋቋመው ክብረት አበበ አለ። የማደንዘዣ ሕክምና ባለሙያ ነው። በ2000 ዓ.ም. ቤቱን ሸጦ አምቡላንስ ገዛ። ‹‹ቤቱን ሸጠ›› የምትለዋ ሁሉም ዘንድ የታወቀች ናት፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ከመኪናው ጋር ሥልጠናውን አብሮ መጀመሩ ነው።

ሰጪዎቻችንስ ራሳቸው እንዴት ጀመሩት? አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ድረስ በብዙ ከተሞች ሕመምተኛን የሚያመላልሰው ወይ ፖሊስ ወይ የቀብር አስፈጻሚ መኪና ነበር። (ለሁለቱም ጉዞ አንድ መኪና! ቁጠባ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1967 በፒትስበርግ ከተማ፣ ጥቁሮች በሚኖሩበት ሂል በተባለ ሰፈር፣ ‹‹ፍሪደም ሐውስ›› የተባለ የአምቡላንስ አገልግሎት ተጀመረ። ዶክተር ፒተር ሳፋር የተባሉ ሐኪም የዚያኑ ሰፈር ሥራ አጥ ወጣቶች ለወራት አሠለጠኑ። መንገድ ላይ ሕይወት የማዳን ሥራ በዚያ አገር መልክ ከያዘባቸው ቦታዎች አንዱ ይኼ ነው። መኪና ቀድሞም ነበር፤ የተለወጠው ከኋላ የተቀመጠው ሰው ነው። ያም ሰው ከሌላ አገር የመጣ ሳይሆን የሰፈሩ ልጅ ነበር። ወደኛ ቀረብ ስንል ደግሞ ጋና አለች። እዚያ 335 የሕዝብና የጭነት መኪና ሾፌሮች የስድስት ሰዓት የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ወስደው ነበር። ስድስት ሰዓት ማለት አንድ የሆቴል ዓውደ ጥናት እስከ ምሳና ከሰዓት ሻይ የሚወስደው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ላገኟቸው ቁስለኞች የተማሩትን ተጠቅመውበታል። ሶዶ ውስጥ ስንት ባጃጅ፣ ስንት ሞተር ብስክሌት እንዳለ አስቡት። አደጋ ሲደርስ ቁስለኛውን የሚያነሳው እኮ ቀድሞም ያ ልጅ ነው፤ አንገቱን እንዴት እንደሚይዘው ብቻ አልነገርነውም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ዛሬ ለምን አነሳሁት? ሰጪው ስለሄደ ነው። ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የውጭ እርዳታን አገዱ፤ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ዩኤስኤአይዲ በሩን ዘጋ። ወዲያው በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5 ሺህ ገደማ የጤና ሠራተኞች ውላቸው እንዲቋረጥ መታዘዙ ተዘገበ። በየመኪናው በር ላይ ‹‹ከአሜሪካ ሕዝብ›› የሚለው ጽሑፍ ግን አሁንም አለ። ጽሑፉ ከጸሐፊው ዕድሜ በላይ ሲኖር በሥነ ጽሑፍ ትልቅ ክብር ነው፤ በአምቡላንስ ግን ያሳዝናል።

አንዳንድ ወዳጆቼ ‹‹እሰይ! የሰው ወርቅ አያደምቅ፤ አሁን በራሳችን እንቆማለን›› ብለዋል። ተረቱ ትክክል ነው፤ አሰይታው ግን ቸኩሏል። ቃሬዛ ላይ የተኛች ሴት በኩራት ደሟ አይቆምም። በራሳችን እንቁም ካልን መጀመሪያ በምን ላይ ቆመን እንደነበር እንቁጠር። ነዳጁን ማን ይሞላ ነበር? አዋላጇን ማን ያሠለጥን ነበር? ጓንቱን ማን ይገዛ ነበር? ይህን ዝርዝር ያላወጣ ነፃነት ሌላ የርክክብ ንግግር ነው።

በራስ መቆም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ግን አለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ፣ መሬት ተንዶ ሰዎች ተቀበሩ። ሶዶን መቀመጫዋ ያደረገችው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። ማንም ከመድረሱ በፊት ጎረቤቱ በአካፋ፣ በዶማና በባዶ እጁ እየቆፈረ ወገኑን ሊያወጣ ገባ። መሬቱ ዳግመኛ ተናደና ሊያድኑ የሄዱትንም ዋጣቸው። ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ። እነዚያ ሰዎች ድፍረት አልጎደላቸውም፤ ፍቅርም አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ‹‹የተናደ መሬት ተመልሶ ይናዳል፤ አንድ ሰው ከላይ ሆኖ ይጠብቅ›› ብሎ አስቀድሞ ያስተማራቸው ሰው ነው። ይህን ማስተማር ስንት ብር ይፈጃል? ከአንድ ላንድክሩዘር ጎማ አይበልጥም። በእርዳታና በዝግጅት መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው።

ስለዚህ ክፉ መካሪ ካልሆንኩ በቀር፣ ከእንግዲህ አምቡላንስ የሚሰጠን ቢመጣ (ይምጣ፤ በደስታ እንቀበለው!) ቁልፉን ከመቀበላችን በፊት አራት ጥያቄ ብንጠይቅ እላለሁ። ሌሊት ስልኩን የሚያነሳው ማነው? የሦስት ዓመት ነዳጅና ጥገና በየትኛው በጀት ላይ ተጽፏል? ከኋላ የሚቀመጠው ባለሙያ ተቀጥሯል ወይ? ደግሞስ ከዓመት በኋላ፣ ልክ በዛሬዋ ቀን፣ ስንት ጊዜ ተጠርቶ ስንት ጊዜ እንደደረሰ ለዚሁ ሕዝብ በዚሁ አዳራሽ የሚነግረው ማነው? መልስ ያላቸው ለጋሽና ባለሥልጣን ካሉ ሪባኑን እኔ ራሴ እይዝላቸዋለሁ።

አምስተኛም አለኝ። ቃሬዛውን ወደ መዝገብ እናስገባው። ቃሬዛ የኋላ ቀርነት ምልክት ነው ብለው የሚያፍሩበት የተማሩ ሰዎች አሉ። ኧረ ተዉኝ! ሲጠራ የሚመጣ፣ የሌሊቱን መንገድ የሚያውቅ፣ ነዳጅ የማይጠይቅ፣ ተረኛው ማን እንደሆነ ሁሉም የሚያውቀው እሱ ነው። በላቲኑም ቢሆን አምቡላንስ የሚለው ስም ይበልጥ የሚገባው ለእሱ ነው፤ የሚራመደው እሱ ነዋ! ለእነዚያ ጎረምሶች ጥቂት ሰዓት ሥልጠና፣ ጥሩ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስና ጠንካራ ቃሬዛ ቢሰጣቸው፣ ቁልቁለቱ ላይ አንዲት የእግረኛ ድልድይ ቢሠራላቸው፣ ከሁለቱ ሰዓት ውስጥ ስንት ደቂቃ ይተርፍ ይሆን? ጉራጌ ውስጥ የአጣጥ ሆስፒታል ከአርባ ዓመት በላይ፣ ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ምጥ ሳይመጣ ቀደም ብለው መጥተው የሚቆዩበት ጎጆ አዘጋጅቷል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኼ ነው። ያን ጎጆ ማንም በቴሌቪዥን ሲመረቅ አላየውም፤ ብዙ ሴቶች ግን አድረውበት ልጃቸውን ታቅፈው ወጥተዋል።

ያን ቀን ሻንቶ፣ መኪናው ከሄደ በኋላ ጎረምሶቹ ባዶውን ቃሬዛ ይዘው ተመለሱ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነዋል። የለቅሶው ቤት ሴቶች ቡናና ቆሎ አቀረቡላቸው። አንደኛው ስልኩን በእጁ ይዞ ደጋግሞ ያየዋል። ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። በወላይትኛ ተነጋገረና ጮክ ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው ወደኔ ዞረው፣ ‹‹በሰላም ተገላግላለች፤ ሴት ልጅ ናት›› አሉኝ።

ከዚያ ለጎረምሶቹ ጠጋ ብለው አንድ ነገር ጠየቁ። ልጁ ጣቶቹን እየቆጠረ መለሰላቸው።

‹‹ምን አሏቸው?›› አልኩ የድሮ ተማሪዬን።

‹‹ስንት ሰዓት ተነሳችሁ ብለው ነው›› አለኝ።